ሕመሙ ወዴት እየሄደ ነው? ለወገብ ዲስክ የሚሠሩ እንቅስቃሴዎችና አመራረጣቸው

ጅማ ውስጥ ወገቡን የታመመ ሰው ገና መድኃኒት ሳይገዛ ምክር ይጎርፍለታል። ጎረቤት መሬት ላይ ተኛ ይለዋል፤ የሥራ ባልደረባ ዋና ጀምር ይለዋል፤ አዲስ አበባ ያለች እህቱ ደግሞ በቴሌግራም ቪዲዮ ትልክለታለች። በአንዱ ቪዲዮ ላይ ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ሁለት ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያቅፋል። በሌላው በሆዱ ተኝቶ በእጆቹ እየተደገፈ ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል። ሁለቱ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው፤ ሁለቱም ግን "ለዲስክ ፍቱን" ተብለው ነው የተለቀቁት። የሚገርመው፣ ሁለቱም ለአንዳንዱ ሰው ይሠራሉ፤ ሁለቱም አንዳንዱን ሰው ያብሱበታል።

ስለዚህ "የዲስክ ስፖርት የቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። ለዚህ ሰው፣ በዚህ ሳምንት፣ የትኛው ይሻላል ብሎ መጠየቅ ይበጃል። መልሱንም በአብዛኛው የሚሰጠው ኤምአርአዩ ሳይሆን የሰውየው እግር ነው።

ፖስታው ውስጥ ያለው ፊልም

ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚመጣ ብዙ ሰው ትልቁን የኤምአርአይ ፖስታ በብብቱ ይዞ ነው የሚገባው። ሪፖርቱ ላይ "ኤል 4 – ኤል 5 ላይ ዲስክ ወጥቷል" ተብሎ ተጽፏል፤ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ማለት ነው። ሰውየው ያንን ካነበበ ወዲህ ጎንበስ ማለት ፈርቷል፣ ልጁን ማንሳት ትቷል፣ አንዳንዱም ሥራ እስከማቆም ደርሷል።

እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የጀርባ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ እንዲነሱ ተደርጎ ነበር። ከመካከላቸው 52 በመቶው ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ተገኘባቸው፤ 27 በመቶው ላይ ደግሞ ከማበጥ አልፎ ወጣ ያለ ዲስክ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሌላ ሥራም ተመሳሳይ ነገር አሳየ፦ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች 84 በመቶው ያበጠ ዲስክ አላቸው። ዲስክ ማበጥ በከፊል እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነገር ነው። ፊልሙ ትርጉም የሚኖረው በፊልሙ ላይ ያለው ቦታና የሰውየው ሕመም የሚሄድበት መስመር ሲገጥሙ ነው።

መስመሩን ለመረዳት ትንሽ ስለ አካሉ ማወቅ ያስፈልጋል። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል 23 ዲስኮች አሉ። እያንዳንዱ ዲስክ ከውጭ በብዙ ንብርብር የተጠላለፈ ጠንካራ ቀለበት አለው፤ ከውስጡ አብዛኛው ውኃ የሆነ ዝልግልግ ነገር ይዟል። ዲስኩ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ተነሥቶ የትም አይሄድም። የሚሆነው ይህ ነው፦ ቀለበቱ በኋላ በኩል ለዓመታት እየሳሳ፣ እየተሰነጠቀ ይቆይና አንድ ቀን ውስጡ ያለው ዝልግልግ በስንጥቁ ይገፋል። ከዚያ ጀርባ ደግሞ ወደ እግር የሚወርዱት የነርቭ ሥሮች አሉ። ነርቩ በመገፋቱ ብቻ አይደለም የሚታመመው፤ ከዲስኩ የሚወጣው ነገር ራሱ ነርቩን ያስቆጣል፣ ያሳብጠዋል። ማቃጠሉና መንዘሩ ከዚያ ይመጣል። የእግር ንዝረትና የዲስክ ቁስል መገናኘታቸውን በግልጽ ያሳዩት ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1934 ነው።

ከወገብ ዲስክ መውጣት አብዛኛው የሚደርሰው በታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። በኤል 4 – ኤል 5 ሲሆን ሕመሙ ብዙ ጊዜ በቅልጥም ውጫዊ ጎን አልፎ ወደ እግር ጀርባና ወደ አውራ ጣት ይወርዳል፤ ሲብስ አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት ያቅታል። በኤል 5 – ኤስ 1፣ ማለትም በመጨረሻው የወገብ አጥንትና ከሥሩ ባለው አጥንት መካከል ሲሆን በባት በኩል ወደ ተረከዝና ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል፤ ሲብስ በዚያ እግር ብቻ ቆሞ በጣቶች ጫፍ መነሳት ይከብዳል። ቤት ውስጥ ሁለቱንም መሞከር ይቻላል። ግድግዳ ይዘው በተረከዝዎ አሥር እርምጃ፣ ከዚያም በጣቶችዎ ጫፍ አሥር እርምጃ ይሂዱ። አንዱ እግር ከሌላው በግልጽ የሚሰንፍ ከሆነ ከእንቅስቃሴ በፊት ሐኪም ማየት አለበት።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የወጣው ዲስክ ብዙ ጊዜ ራሱ ይሟሽሻል። ሰውነት የወጣውን ቁራጭ እንደ ባዕድ ይቆጥረውና ቀስ በቀስ ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ በ96 በመቶው ታማሚ ላይ ቀንሷል፤ እንዲሁ ያበጠ ብቻ ሲሆን ግን የቀነሰው በ13 በመቶው ነው። ማለትም ፊልም ላይ አስፈሪ መስሎ የሚታየው ራሱን የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ጊዜ ይፈልጋል፤ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት። የእንቅስቃሴው ሥራ ያን ጊዜ በተሻለ ሁኔታ ማሳለፍና ወገቡ ሲድን ደካማ ሆኖ እንዳይቀር ማድረግ ነው።

መጀመሪያ የማይታለፈው

ከሚከተሉት አንዱ ካለ እንቅስቃሴው ይቅርና በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይኬዳል፦ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሳያውቁት ማምለጥ፣ ሰገራን መቆጣጠር ማቃት፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሁለቱም እግሮች መዛል። ይህ ወደ ታች የሚወርዱት ነርቮች በአንድ ላይ ሲታፈኑ የሚመጣ ነው። በሰዓታት የሚቆጠር ነገር ስለሆነ "እስኪ ነገ እናያለን" አይባልም። ከጅማ ዙሪያ ወረዳዎች ያሉ ቤተሰቦች በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቢመጡ ይሻላል፤ የአካባቢው ሪፈራል እርሱ ነውና።

ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ተኝተውም የማይለቅ የሌሊት ሕመም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አሁንም አለ። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታም ወገብ ይይዛል። እነዚህን ዲስክ ነው ብሎ በእንቅስቃሴ መግፋት ጉዳት ነው። ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ፣ ከፎቅ ወይም ከዛፍ የወደቀ ሰውም እንዲሁ በመጀመሪያ ይመርመር።

ዊሊንግተን ላይ የታየው

እ.ኤ.አ. በ1956 ኒውዚላንድ፣ ዊሊንግተን ከተማ ውስጥ ሮቢን ማኬንዚ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት አንድ ታካሚ ነበረው፤ ሕመሙ ከመቀመጫው ወደ ጭኑ የሚወርድና ለሳምንታት ያልተሻለው። ማኬንዚ ሰውየውን "ግባና በሆድህ ተኛ" ብሎት ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። አልጋው ግን ቀደም ሲል ለሌላ ታካሚ ተብሎ የራስጌው በኩል ከፍ ተደርጎ ነበር። ሰውየውም ዝም ብሎ በዚያው ላይ በሆዱ ተኛ፤ ወገቡም ወደ ኋላ ተለጠጠ። በዚያ ዘመን ይህ አቀማመጥ ለወገብ መጥፎ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ማኬንዚ ሲመለስ ደነገጠ። ሰውየው ግን እግሬን ለቀቀኝ አለው። ሕመሙ ከጭኑ ወጥቶ ወደ ወገቡ መሀል ተሰብስቦ ነበር።

ከዚህ የተወለደው ሐሳብ ዛሬ ድረስ ለዲስክ ሕመም እንቅስቃሴ ሲመረጥ ዋናው መመሪያ ነው። አንድን እንቅስቃሴ ደጋግመው ሲሠሩ ሕመሙ ከእግር ጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ፣ ከዚያም ወደ ወገብ መሀል የሚሰበሰብ ከሆነ ያ እንቅስቃሴ የእርስዎ ነው። በተቃራኒው ሕመሙ ወደ ታች እየወረደ፣ መደንዘዙ እየሰፋ ከሄደ ያ እንቅስቃሴ ለእርስዎ አይደለም፤ ቪዲዮው ስንት ሺህ ሰው ቢያየውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ የባጃጅ ሹፌር በሳምንቱ ተመልሶ መጣና "ዶክተር፣ ያሳየኸኝ ነገር ጎዳኝ" አለኝ። (ፊዚዮቴራፒስት ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ነጭ ጋውን ለለበሰ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነው፣ መከራከሩን ትቼዋለሁ።)

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ወገቤ ባሰበት። እዚህ ጋ ቆርጦ ይይዘኛል" ብሎ ከቀበቶው በላይ አሳየኝ።

"እግርህስ?"

ትንሽ አሰበ። "እግሬማ… እግሬን እንኳ ከማክሰኞ ወዲህ አልተሰማኝም።"

ለእርሱ መባስ ነበር፤ ለእኔ ግን ስጠብቀው የነበረው ነገር ነው። ሕመሙ ወደ መሀል ሲሰበሰብ ወገብ ላይ ለጊዜው ጠንከር ማለቱ የተለመደ ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ልክ መዳን ሲጀምር ያቆማል። ለእርሱም ሳልነግረው ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ወቀሳው በተገባኝ ነበር፤ ነግሬው ነበር፣ ግን ሕመም ላይ ያለ ሰው ከሚነገረው ግማሹን ነው የሚይዘው። አሁን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።

ታዲያ እንዴት ይሠራል? አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ በምንጣፍ ወይም በመስገጃ ላይ፤ ስፖንጅ ፍራሽ ወገብን ስለሚውጥ አይመችም። በሆድዎ ይተኙ፣ ፊትዎን ወደ አንድ ጎን ያዙሩ፣ እጆችዎ በጎንዎ ይሁኑ፣ መቀመጫዎን ያላሉ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆዩ። በሆድ መተኛት ጨርሶ የማይቻል ከሆነ ከሆድዎ ሥር ትራስ ያስገቡና በቀናት ውስጥ በቀጭን ጨርቅ ይተኩት፣ ከዚያ ያውጡት። ይህ ብቻ እግርን የሚያሳርፍ ከሆነ ለዚያ ቀን በቂ ነው፤ አይጣደፉ።

ቀጥሎ በክርንዎ ተደግፈው ደረትዎን ያንሱ። ክርኑ ከትከሻ ሥር ይሁን። እዚያም ሁለት ሦስት ደቂቃ። ይህም ከተቻለ መዳፎችን ከትከሻ ሥር አድርገው በክንድዎ ብቻ እየገፉ የላይኛውን አካል ያነሳሉ። ዳሌ ከመሬት አይነሳም፤ የወገብና የመቀመጫ ጡንቻ አይሠራም፤ የሚሠራው ክንድ ብቻ ነው። ላይ ሲደርሱ አየር ያስወጡ፣ ወገብዎ ወደ ታች ይንጠልጠል፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ይቆዩና ይውረዱ። አሥር ጊዜ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይደገማል። በቀን አንዴ መቶ ጊዜ ከመሥራት በቀን ስድስት ጊዜ አሥር አሥር መሥራት እጅግ ይበልጣል፤ ዲስኩ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ስለሚታጠፍ ቀኑን ሙሉ መመለስ አለበት። መሬት ላይ መተኛት የማይመችበት ቦታ፣ ለምሳሌ ባጃጅ ተራ ላይ፣ ቆሞ ሁለቱን እጅ ወገብ ላይ አድርጎ አሥር ጊዜ ወደ ኋላ መለጠጥ ይተካዋል።

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ተነሥተው ሁለት ደቂቃ ይራመዱና እግርዎን ያዳምጡ። በሚሠሩበት ጊዜ መጠነኛ ሕመም ቢኖር፣ ሲያቆሙ ግን ወዲያው ከለቀቀ ችግር የለውም። ካቆሙም በኋላ እግር ላይ እየባሰ የሚቆይ ከሆነ አቅጣጫው ስህተት ነው። አንዳንድ ሰው ቆሞ ሲታይ አካሉ ወደ አንድ ጎን ዘምሟል፤ እንዲህ ያለው መጀመሪያ በጎን ማስተካከያ ያስፈልገዋልና ይህንን በባለሙያ እጅ ቢጀምር ይሻላል።

ጉልበት ወደ ደረት ማቀፉ ለማን ነው? በአብዛኛው ዕድሜያቸው ለገፋ፣ የአከርካሪ ቦይ ለጠበበባቸው። ምልክቱ ይለያል፦ ሲራመዱ ሁለት እግር ይዝላል፣ ይደነዝዛል፤ ተቀምጠው ወይም ዱላ ተደግፈው ጎንበስ ሲሉ ይለቃል። አባትዎ ወደ ገበያ ሲሄዱ በየመንገዱ ቁጭ እያሉ ከሆነ ይህን ያስቡ። የ30 ዓመት ልጃቸው ሲቀመጥ የሚብስበት፣ ሲሄድ የሚሻለው ከሆነ ግን የአባቱን እንቅስቃሴ ቢሠራ ይጎዳዋል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ የወገብ ሕመም ሊኖር ይችላል።

እግሩ ከበረደ በኋላ

ሕመሙ ከጉልበት በላይ ከተሰበሰበ ወገቡን የሚደግፉ ጡንቻዎች ተራ ይደርሳቸዋል። ካናዳዊው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል ለዚህ ሦስት እንቅስቃሴዎችን መርጧል። የመረጠበት ምክንያት ጡንቻውን በደንብ ሲያሠሩ ዲስኩን ግን ብዙ አለመጫናቸው ነው። የተለመደው፣ ከተኙበት እስከ መቀመጥ የሚነሱበት ሙሉ "ሲትአፕ" የተተወውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንደኛው፣ በጀርባ ተኝቶ አንድ ጉልበት አጥፎ፣ አንዱን ዘርግቶ፣ ሁለት መዳፍ ከወገብ ሥር ባለው ክፍተት አስገብቶ፣ ራስና ትከሻን በጥቂቱ ብቻ ከመሬት ማላቀቅ ነው። አገጭ ደረት አይነካም፤ ወገቡ ከመዳፉ ላይ አይነሳም፣ መዳፉንም አይጨፈልቅም። ሁለተኛው፣ በጎን ተኝቶ በክርንና በጉልበት ተደግፎ ዳሌን ማንሳት ነው፤ በሁለቱም ጎን። ሦስተኛው፣ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ዘርግቶ መቆየት፣ ከዚያ መቀያየር ነው። በዚህኛው ዳሌ ሳይታወቅ ይዞራል። ማወቅ የፈለገ ሰው ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ ወገቡ ላይ ያስቀምጥ፤ ከወደቀ እግሩን ከሚገባው በላይ አንስቷል ማለት ነው። ልጆች ካሉ ኩባያውን መጠበቅ ይወዳሉ።

ሦስቱም ለ8 ወይም ለ10 ሰከንድ ይያዛሉ፤ መጀመሪያ ስድስት ጊዜ፣ ዐርፎ አራት ጊዜ፣ ዐርፎ ሁለት ጊዜ። በሳምንቱ ቀላል ሲሆን የሚጨመረው የጊዜ ብዛት ነው እንጂ የሚቆዩበት ሰከንድ አይደለም። ትንፋሽ አይያዝም።

ነርቩን ማንቀሳቀስም አለ። ጤነኛ ነርቭ እግር ሲዘረጋና ሲታጠፍ በዙሪያው ባለው ሥጋ መካከል ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ተቆጥቶ የሰነበተ ነርቭ ግን ይይዛል። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጉልበትዎን ቀስ ብለው ሲዘረጉ በዚያው ቅጽበት ፊትዎን ወደ ጣሪያ ያንሱ፤ ጉልበትዎን ሲያጥፉ አገጭዎን ወደ ደረት ይመልሱ። ነርቩ ከታች ሲሳብ ከላይ ይለቀቃል፤ ከላይ ሲሳብ ከታች ይለቀቃል። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ሕመም ሳይቀሰቅሱ። ብዙ ሰው "ጅማቴ አጥሮ ነው" ብሎ እግሩን በነጠላ ጠልፎ ወደ ላይ ይጎትታል፤ የተቆጣ ነርቭ ላይ ይህ ቤንዚን ነው።

መራመድ ከሁሉም ጋር አብሮ ይሄዳል። አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ እጅ እያወዛወዙ፣ ሜዳማ አስፋልት ላይ። በክረምት የጅማ ጭቃ ሲያንሸራትት ወገብ ሳይታሰብ ስለሚንገጫገጭ ግቢ ውስጥ መመላለስ ይሻላል። ወደ ጅሬን የሚወጣው ዳገት ለኋላ ይቆይ።

በርጩማ፣ ጀሪካን፣ በርጫ፣ ሶላት

በቀን ስድስት ጊዜ በትክክል የሠራ ሰው ሳይሻለው ሲቀር እንቅስቃሴውን ከመቀየሬ በፊት የምጠይቀው ቀሪውን ሰዓት እንዴት እንደሚያሳልፍ ነው። የእንቅስቃሴው ጊዜ ቢደማመር አንድ ሰዓት አይሞላም።

በሦስት እግር የሚቆመው፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ ውብ ነው፤ እኔም ቤት አለ። ግን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ ዳሌ ወደ ኋላ ይንከባለላል፣ ወገብ ይቆለመማል። ቡና ሦስተኛው እስኪጠጣ እንዲህ ተቀምጦ መቆየት ዲስኩን ወደ ኋላ ሲገፉ መዋል ነው። ቡና ለቀማ ላይ የሚውሉ እናቶችና እህቶችማ የሥራ ቀናቸው ሁሉ ይሄው ነው። በርጩማው ላይ ጉልበት ከዳሌ ዝቅ እስኪል ድረስ የታጠፈ ጋቢ ወይም ጆንያ መደራረብ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ አምስት ጊዜ ወደ ኋላ መለጠጥ ይቻላል። አሠሪዎች ከፍ ያለ ጠረጴዛ ቢያቀርቡ ደግሞ ከማንኛውም እንቅስቃሴ ይበልጥ ነበር።

በርጫ ላይ ፍራሽ ላይ እግር ዘርግቶ፣ መከዳ ተደግፎ፣ ከምሳ እስከ መግሪብ። ስለ ጫቱ አሁን አልናገርም። አቀማመጡ ግን ለወጣ ዲስክ ከማውቃቸው ሁሉ የከፋው ነው፤ ወገብ ሙሉ በሙሉ ተቆልምሞ፣ ጨዋታው ስለደራ ማንም ሳይነሳ ሰዓታት ያልፋሉ። ሕመሙ የሚመጣው ማታ ሲነሱ ነው። መቅረት ያልቻለ ሰው ወንበር ይጠይቅ፣ ወይም በየሃያ ደቂቃው ውኃ ለመቅዳት የሚነሳው እሱ ይሁን።

ስለ ጀሪካን ደግሞ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀርመን ውስጥ አንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስኩ ውስጥ መለኪያ ተደርጎለት የዕለት ሥራውን እየሠራ ግፊቱ ተለካ። ዝም ብሎ ሲቆም 0.5 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ነበር። 20 ኪሎ ወገቡን ቆልምሞ ሲያነሳ 2.3 ደረሰ። ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሳ 1.7 ሆነ። ያንኑ 20 ኪሎ ከሰውነቱ አስጠግቶ ሲይዝ 1.1 ብቻ ነበር። 20 ኪሎ ማለት አንድ ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ከዚህ የምንረዳው ጉልበት ማጠፍ እንደሚረዳ፣ ሸክሙን ወደ ሆድ ማስጠጋት ደግሞ ከዚያም በላይ እንደሚረዳ ነው። አንድ ጀሪካን በአንድ ጎን ከመሸከም ሁለት ባለ 10 ሊትር በሁለት እጅ መያዝ ይሻላል። የልብስ ማጠቢያ ሳፋም ከመሬት ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ።

በዚያው ልኬታ ላይ ሌላ ነገር ታይቷል። ሰውየው ሌሊት ተኝቶ ሳለ ግፊቱ ከ0.1 ወደ 0.24 ከፍ አለ፤ ዲስክ ሲተኙ ውኃ እየመጠጠ ያብጣል። ጠዋት ወገብ የሚደርቀው ለዚህ ነው፤ ዲስክ በቀላሉ የሚጎዳውም ጠዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ታማሚዎች ከእንቅልፍ በተነሱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ጎንበስ ከማለት ሲታቀቡ ብቻ ሕመማቸው በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል። ምንም ወጪ የለውም። ጎንበስ ብሎ ቤት መጥረግ ረፋድ ላይ ይሁን። ለሱብሒ ውዱእ እግር ሲታጠብ ጎንበስ ከማለት ተቀምጦ አንዱን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አሳርፎ ማጠብ ይቻላል፤ ካልሲም እንዲሁ።

ስለ ሶላት ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ወገብ ሳይቆለመም ከዳሌ ታጥፎ ሩኩዕ ማድረግ ብዙ ሰው ይችላል። እግር በጣም በሚነዝርበት ጊዜ ግን መቆም ያልቻለ ተቀምጦ እንዲሰግድ ሃይማኖቱ ራሱ ፈቅዷል፤ መስጊዶች ውስጥ ወንበር የሚታየው ለዚሁ ነው። ሽማግሌዎች ተቀብለውታል፤ የሚያፍሩት ወጣቶች ናቸው። ለኦርቶዶክሳውያንም ቢሆን የጾም ስግደት ለታመመ እንዴት እንደሚሆን የንስሐ አባት ያውቃሉ፤ ይጠየቁ።

አዲስ አበባ መሄድ የግድ የሆነበት ሰው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊቀመጥ ነው። የተጠቀለለ ነጠላ ከቀበቶ ከፍ ብሎ ባለው የወገብ ጎድጓዳ ያስገባ፣ ወልቂጤ ላይ ሌላው ምሳ ሲበላ እሱ ቆሞ ይራመድ፣ ሻንጣውን ሌላ ሰው ያውርድለት።

ወጌሻ፣ መርፌ፣ ቀበቶና አልጋ

ወጌሻ ጋ ሄዶ ቅቤ ተቀብቶ መታሸት የተኮማተረ ጡንቻን ሊያላላ ይችላል፤ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም። ዲስክን ግን በእጅ ገፍቶ የሚመልስ የለም። እግሩ በደነዘዘ ሰው ወገብ ላይ መቆም ወይም አጣሞ ማንቋቋት አደጋ ነው። የቫይታሚን መርፌ ነርቭ ላይ የተጫነ ዲስክን አያነሳም። የወገብ ቀበቶ ለጉዞና ለጥቂት ቀናት ሥራ ይጠቅማል፤ ወር ሙሉ ታጥቀውት ከዋሉ ጡንቻው ሥራ ይፈታል። አልጋ ላይ መዋልን በተመለከተ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ጥናት ሁለት ቀን የተኙት ከሰባት ቀን ከተኙት ቀድመው ወደ ሥራ መመለሳቸውን አሳይቷል፤ በሕመማቸው ግን ልዩነት አልነበረም።

ቀዶ ሕክምናና ጆንያ

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ለሳምንታት በከባድ የእግር ንዝረት የተሰቃዩ 283 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ ግማሹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት፣ ግማሹ እንዲጠብቅ። ቀዶ የተደረገላቸው ቶሎ ተሻላቸው። በዓመቱ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው አገግመው ነበር። ከጠባቂዎቹ 39 በመቶው መሀል ላይ ሕመሙ አላስችል ብሏቸው ቀዶ ተደርጎላቸዋል። ስለዚህ እግሩ እየዛለ ያልሄደ ሰው የመምረጥ ጊዜ አለው። ከ6 እስከ 12 ሳምንት በትክክል ሠርቶ ምንም ያልተንቀሳቀሰ ሕመም ያለበት፣ ወይም የእግሩ ድካም እየጨመረ የሚሄድ ሰው ከነርቭ ወይም ከአጥንት ቀዶ ሐኪም ጋር መነጋገር አለበት። ቀዶ የተደረገለትም ከላይ ያሉትን የማጠናከሪያ እንቅስቃሴዎች ሐኪሙ በፈቀደለት ጊዜ ይጀምራቸዋል።

ለቢሮ ሠራተኛ እዚህ ድረስ በቂ ነው። ቡና መጋዘን ላይ ለሚሠራ ጫኝና አውራጅ ግን ገና ነው፤ ወደ 60 ኪሎ ጆንያ መመለስ ያለበት በደረጃ ነው። መጀመሪያ መጥረጊያ እንጨት በጀርባው ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ እንጨቱ የራሱን ኋላ፣ የጀርባውን መሀልና የመቀመጫውን አጥንት እንደነካ ከዳሌው ብቻ ይጎንበስና ይነሳ። ሃያ ጊዜ እንጨቱ ሳይለቅ ከቻለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ በሳምንቱ 10፣ ከዚያ 20 ያንሳ፤ እግሩ እስካልነዘረ ድረስ። ጆንያውን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመሬት አያንሳ። ሁለት ሰው ይዞ ከወገብ ቁመት ላይ ትከሻው ላይ ያስቀምጥለት፤ ሲያወርድም ወደ ጎን አጣሞ አይጣለው፣ በእግሩ ይዙር። ከረፋዱ በፊትም ከባዱን ጭነት አይጀምር።